አንዲት የጠፈር መርከብ አምስት ጊዜ ገዝቼ ያየሁት

ከአራት ዓመት በፊት እናቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን መጣችና ሳሎን ጥግ ያለችውን የመስታወት ቁምሳጥን አየቻት። ሲኒ የተደረደረ መስሏት ነበር። መነጽሯን አድርጋ ጠጋ አለችና "አንተ ልጅ፣ ይሄ መጫወቻ የማነው?" አለችኝ። የኔ ነው ስላት ዝም አለች፣ ትንሽ ቆይታ "ይሄ ትልቁስ ስንት ነው?" አለች፣ እኔም አርባ ዶላር አልኳት። አራት መቶ ነበር። ለአርባውም ቢሆን በብር አስልታ ቀኑን ሙሉ ስታማትብ ነው የዋለችው፣ ስለዚህ እውነቱን እስከዛሬ አልነገርኳትም፣ ይሄን ካነበበች አለቀልኝ።

ቁምሳጥኗ ውስጥ ያለው የጠፈር መርከብ ሞዴል ነው፣ ከስታር ዋርስና ከስታር ትሬክ ፊልሞች። ሰሞኑን ሁለት ሰዎች፣ አንዱ ሲያትል አንዱ አዲስ አበባ ያለ፣ "የትኛውን ብገዛ ይሻላል፣ ውድ የሆነው በእርግጥ ይበልጣል ወይ" ብለው ጠየቁኝ፣ በስልክ ስመልስላቸው አንድ ሰዓት ፈጀብኝ፣ እና በአማርኛ የተጻፈ ነገር ስላላየሁ በቃ ልጻፈው ብዬ ነው። ኤክስፐርት አይደለሁም፣ ብሬን ያቃጠልኩ ሰው ነኝ።

አመሉ የጀመረኝ ሥራ ላይ ነው። እኔ ሹፌር ነኝ፣ በአፕ የሚጠራው ታክሲ፣ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው። ደለስ ኤርፖርት ወረፋ ስንጠብቅ አንዳንዴ ሁለት ሰዓት ይሄዳል፣ ጓደኞቼ ካርታ ይጫወታሉ ወይ መኪናቸው ውስጥ ይተኛሉ፣ እኔ አንድ ቀን ወረፋውን ትቼ እዛው አጠገብ ያለው የስሚዝሶኒያን ሙዚየም ገባሁ፣ ኡድቫር ሄዚ የሚባለው። መግቢያው ነፃ ነው፣ ፓርኪንጉ 15 ዶላር ነው ግን ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ አያስከፍሉም (በፈረንጅ 4 ማለት ነው፣ የዚህን ጥቅም ሹፌር ነው የሚያውቀው)። እውነተኛዋ የጠፈር መንኮራኩር ዲስከቨሪ ቆማለች፣ እሷን አይቼ ልወጣ ስል በ1977 (ሁሉም ዓመት እንደ ፈረንጅ ነው) ለወጣ ፊልም የተሠራች አንዲት ትልቅ የባዕዳን መርከብ ሞዴል አየሁ። ጠጋ ብላችሁ ካያችኋት ሠሪዎቹ ለቀልድ የለጠፉባት ትንሽዬ የፖስታ ሳጥን አለ፣ ቮልስዋገን መኪና አለ፣ ከስታር ዋርስ የመጣው አርቱዲቱ ሮቦት ሳይቀር አለ። ፊልሙ ላይ ማንም ልብ አይለውም። እኔ እዛ መስታወት ላይ ተለጥፌ ስቀር ስልኬ ላይ ሁለት ጥሪ አልፎኛል።

ከዛ መሀል ዋሽንግተን ያለው ትልቁ ሙዚየም ሄጄ የስታር ትሬኳን ኤንተርፕራይዝ አየሁ። ከ1966 ጀምሮ ቴሌቪዥን ላይ የታየችው ራሷ ናት፣ 3.4 ሜትር ትረዝማለች፣ ከእንጨትና ከፕላስቲክ ከቆርቆሮም ነው የሠሯት። የሚገርመው ነገር የግራ ጎኗ አልተጨረሰም። ለመብራት የሚሆነው ሽቦ የሚገባው በዛ በኩል ስለነበር ካሜራ የሚያየው ቀኙን ብቻ ነው፣ ግራውን ማስዋብ ለምን ይድከሙ። ይሄ ነገር በኋላ ስገዛ በጣም ጠቅሞኛል። የፊልም ሞዴል ከአንድ ጎን፣ በመብራት፣ በካሜራ ነው የሚታየው። እኛ የምንገዛው ግን ሳሎን ተቀምጦ ከአንድ ክንድ ርቀት በሁሉም ጎን ይታያል፣ እንግዳ ያነሳዋል፣ ይገለብጠዋል። ስለዚህ ሻጭ የሚለጥፈው ያ ያማረ ፎቶ፣ ከፊት ለፊት በሰያፍ የተነሳው፣ ምንም አይነግራችሁም። ከሆዷ በኩል አንሳልኝ በሉት። ከኋላ አንሳልኝ በሉት። የሥራ ጥራት የሚታየው ሰው አያየውም ተብሎ የታሰበበት ቦታ ላይ ነው።

አሁን ወደ ዋናው። መርከቦችን ስናወዳድር የምንሳሳተው አንዱን ኩባንያ በአንድ መርከብ፣ ሌላውን በሌላ መርከብ ስለምናይ ነው፣ የአንዷን ቅርጽ ስለምንወዳት ሥራዋም ጥሩ ይመስለናል። እኔ ሳላስበው አንዷን ሚሌኒየም ፋልከንን ከአራት የተለያዩ ኩባንያዎች አምስት ጊዜ ገዛኋት። ያቺን ክብ፣ ፊቷ እንደ ሹካ የወጣ፣ የአብራሪው ቦታ በጎን የተለጠፈባት የስታር ዋርስ መርከብ። አምስቱን ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው ነው ዓይኔ የተከፈተው።

ከዛ በፊት ስለ ስኬል ትንሽ ልበል፣ አሰልቺ ነው ግን ብር ያድናል። 1/144 ማለት እውነት ብትሆን ከሚኖራት መጠን 144 ጊዜ ያነሰች ማለት ነው። ፋልከን ወደ 34.75 ሜትር ናት ይባላል፣ ስለዚህ በ1/144 ወደ 24 ሳንቲሜትር፣ በ1/72 ደግሞ ወደ 48 ሳንቲሜትር ትሆናለች። አሁን አካሏ ላይ ያለውን የቆርቆሮ መጋጠሚያ መስመር ተመልከቱ። 1/144 ሞዴል ላይ መስመሩ 1 ሚሊሜትር ከሰፋ እውነተኛዋ መርከብ ላይ 14 ሳንቲሜትር ተኩል የሚጠጋ ስንጥቅ ሆነ ማለት ነው! እጅ የሚገባበት ቀዳዳ ያላት መርከብ ጠፈር ላይ ልትበር። ጥሩ ሞዴል ላይ መስመሩ እንደ ፀጉር ቀጭን ነው፣ ርካሹ ላይ በጥፍር የተጫረ ይመስላል። ዓይናችሁ ምክንያቱን ባያውቀውም "ይሄ መጫወቻ ነው" የሚላችሁ በዚህ ነው።

የመጀመሪያዋ ሆት ዊልስ ነበረች፣ መዳፍ ላይ የምትቀመጠዋ፣ ሱፐርማርኬት ውስጥ ከመጫወቻ መኪኖቹ ጋር ተሰቅላ አግኝቻት ሰባት ዶላር ምናምን ከፈልኩ። ብረት ናት (ዳይካስት የሚሉት፣ ዚንክ ያለበት ቀልጦ ቅርጽ ውስጥ የሚፈስ ብረት)፣ ስትይዟት ከበድ ትላለች እና "አቤት ጥራት" ያሰኛል። እዚህ ጋ ሁላችንም እንሸወዳለን። ክብደት ጥራት አይደለም። ቀልጦ የፈሰሰ ብረት እንደ ፕላስቲክ ስል ቅርጽ አያወጣም፣ ላዩ ላይ ደግሞ ቀለም ይጫንበታል፣ ቀለሙ ያለውን ትንሽ ቅርጽ ይሞላዋል። እንደ ሳሙና የተሟሸሸች ናት። ግን ልጄ ከሶፋ ላይ ሦስት ጊዜ ጥሏት ምንም አልሆነችም፣ ለሰባት ዶላር ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል። ለልጅ ስጦታ ከሆነ እሷን ግዙና ሌላውን አታንብቡ።

ሁለተኛዋ ሜታል ኧርዝ የሚባለው ነው፣ ከስስ የብረት ሉህ ላይ በሌዘር የተቆረጡ ቁራጮችን ነቅላችሁ በጉጠት እያጠፋችሁ የምትሠሩት። ሃያ ዶላር አይሞላም። ሁለት ምሽት ፈጀብኝ፣ ጣቴን ሁለት ቦታ ቆረጠኝ። ሲያልቅ ጌጥ ነው እንጂ ሞዴል አይደለም፣ ምክንያቱም ከሉህ ክብ ነገር ስለማይወጣ ክቡ ሁሉ ማዕዘን ማዕዘን ይሆናል፣ ቀለምም የለውም። ጠረጴዛ ላይ ያምራል። አንዴ ከታጠፈ በኋላ ደግሞ ከፈታችሁት ቁራጮቹን የሚያያይዘው ምላስ ይሰበራል፣ ስለዚህ አትቸኩሉ።

ሦስተኛዋ ነች የቀየረችኝ። የጃፓኑ ባንዳይ፣ 1/144። ሃምሳ ዶላር አካባቢ ነው የከፈልኩት። ሳጥኑን ስትከፍቱ ፕላስቲኩ ከነፍሬሙ ነው የሚመጣው፣ እያንዳንዱን ቁራጭ ቆርጣችሁ ትገጥማላችሁ፣ ሙጫ የለም፣ ቀለምም ባትቀቡት ፕላስቲኩ ራሱ በየቀለሙ ነው የመጣው። ስትገጥሙት "ጠቅ" ይላል። የዛ ድምፅ ነገር ሱስ ነው በእውነት። ቅርጹ ግን ነው ጉዳዩ። የፊልሙን ፋልከን የሠሩት ሰዎች ከሱቅ የታንክና የመኪና ሞዴል ኪት (ገዢው ራሱ የሚገጥመው) እየገዙ ቁርጥራጩን ነው አካሏ ላይ የለጠፉት፣ ያ ሁሉ ቧንቧ ምናምን የሚመስለው እሱ ነው። ባንዳዮቹ ያንን ዝርክርክ በ24 ሳንቲሜትር ላይ አስገብተውታል፣ በማጉያ መስታወት ስታዩት እንኳን ቧንቧው ቧንቧ ነው። ከሆት ዊልሷ አጠገብ ስትቀመጥ ያቺኛዋ ታሳዝናለች።

ስህተቶቼን ልናገር እናንተ እንዳትደግሙት። መጀመሪያ ቁራጮቹን በጥፍር መቁረጫ ነበር የቆረጥኳቸው፣ ቆረጥኩ ሳይሆን ነጨሁ ብል ይሻላል፣ የተነጨው ቦታ ላይ ፕላስቲኩ ነጣ። ለሞዴል የተሠራ መቁረጫ ግዙ፣ አሥራ አምስት ዶላሩም ይበቃል፣ መጀመሪያ ራቅ አድርጋችሁ ቁረጡ ከዛ ደግሞ የቀረችውን ትንሿን ላጯት። ሁለተኛ፣ ሳጥኑ ውስጥ ሁለት ዓይነት ምልክት ይመጣል፣ አንዱ እንደ ስቲከር የሚለጠፍ ሌላው ውሃ ውስጥ ተነክሮ የሚንሸራተት ዲካል። እኔ ስቲከሩ ቀለለኝና ለጠፍኩ። ስቲከር ጠርዙ ይታያል፣ ከዓመት በኋላ ደግሞ ጥጉ ይነሳል። ዲካሉ ስስ ነው፣ ከደረቀ በኋላ የተቀባ ነው የሚመስለው፣ ትዕግስት ብቻ ነው የሚፈልገው።

ሦስተኛውና ትልቁ ስህተቴ በሌላ መርከብ ላይ ነው፣ የባንዳይ 1/72 ኤክስ ዊንግ ላይ፣ የስታር ዋርሷ ትንሽ ተዋጊ መርከብ። መስመሮቹ ጎልተው እንዲታዩ ጥቁር ቀጭን ቀለም ይፈስባቸዋል፣ እኔ ኢናሜል የሆነውን ገዝቼ ከተገጠመች በኋላ ክንፏ መጋጠሚያ ላይ አፈሰስኩት። በነጋታው ክንፉ ለሁለት ተሰንጥቆ አገኘሁት። ለካ የኢናሜል ማቅጠኛ ተጨናንቆ በግድ የተገጠመ ፕላስቲክ ውስጥ ሲገባ ያሰነጥቀዋል። ሙጫ የሌለው ኪት ደግሞ መጋጠሚያው ሁሉ የተጨናነቀ ነው። ስለዚህ ወይ ሳትገጥሙ በፊት ቀቡ፣ ወይ መጀመሪያ ገላጭ ቫርኒሽ ርጩበት፣ ወይ በውሃ የሚሟሟውን አክሪሊክ ተጠቀሙ። ይሄ ምክር ብቻውን አርባ ዶላር ያወጣል፣ እኔ ከፍዬበታለሁ።

አራተኛዋ ሌጎ (የፕላስቲክ ጡቡ መጫወቻ) ናት፣ ቁጥሯ 75192፣ በ2017 ስትወጣ አሜሪካ ውስጥ 800 ዶላር ነበረች በኋላ 850 ገባች። 7,541 ቁራጭ። ሚስቴ ዋጋውን ታውቃለች፣ አብረን ነው የገዛነው፣ ለአሥረኛ ዓመት ጋብቻችን ሌላ ሰው ወደ ማያሚ ሲሄድ እኛ ሌጎ ገዛን። ከአምስቱ ሁሉ ስንሠራት የተደሰትንባት እሷ ናት ያለ ምንም ጥርጥር፣ ሁለት ወር ማታ ማታ ሻይ እያፈላን። ግን እንደ ሞዴል ካየናት? ሌጎ ነው። የሌጎው ጉብታ ይታያል፣ በቁራጭና ቁራጭ መሀል ያለው ክፍተት ይታያል፣ ከሦስት ሜትር ታምራለች ከአንድ ክንድ ስትቀርቧት ጡብ ናት። 84 ሳንቲሜትር ስለሆነች ቁምሳጥን አትገባም፣ አቧራው ደግሞ በጉብታዎቹ መሀል ይገባና በሜካፕ ብሩሽ ነው የማጸዳት (የሚስቴ ነበር፣ አሁን የኔ ሆኗል)። አንድ ጥሩ ነገር፣ ሳጥኑ ውስጥ ሁለቱም አንቴና አለ፣ የድሮ ፊልሞቹ ክቡና የ2015ቱ አራት ማዕዘኑ፣ የፈለጋችሁትን ትሰቅላላችሁ።

አንቴና ካነሳሁ አይቀር፣ ፋልከን ስትገዙ የየትኛው ፊልም እንደሆነች እወቁ። በ1977 የወጣው የመጀመሪያው ስታር ዋርስ ላይ ማረፊያ እግሯ ሦስት ነው፣ ከሁለተኛው ጀምሮ አምስት። ሻጭ "የ1977ቷ ናት" ብሎ አምስት እግር ያላት ከላከላችሁ ወይ አላወቀም ወይ አውቆ ነው። ያገለገለ ሲሸጥ የሚጠፋው መጀመሪያ ይሄው እግርና አንቴና ነው፣ ከሌላ ሥሪት ተነቅሎ ይሰካበታል።

አምስተኛዋ እናቴን ያታለልኩባት ናት። ባንዳይ እንደገና፣ 1/72 ፐርፌክት ግሬድ የሚሉት፣ እሷም የ2017 ናት፣ ጃፓን ውስጥ 40,000 የን ነው የወጣችው፣ እኔ ከአስመጪ ላይ 400 ዶላር አካባቢ ከፈልኩ። ከነመብራቷ ነው፣ የኋላው ሰማያዊ ሞተር ይበራል፣ የአብራሪው ክፍል ውስጥ የጥፍር ቁራጭ የሚያክሉ ሰዎች ተቀምጠዋል። አሁን ጥያቄው ከሃምሳ ዶላሯ ስምንት እጥፍ ትሻላለች ወይ ነው። አትሻልም። ሁለት እጥፍ ትሻላለች ልበል፣ ሁለት ተኩል። ቅርጹን የቀረጸው ያው ኩባንያ ነው፣ ጥንቃቄው ያው ነው፣ ትልቋ የጨመረችው መጠንና መብራት እና የሥራ ሰዓት ነው። እኔ አልቆጨኝም ምክንያቱም ፋልከንን እወዳታለሁ፣ ግን ብራችሁ የተወሰነ ከሆነ ትንሿ ባንዳይ ናት የዚህ ሁሉ ንጽጽር አሸናፊ፣ በተለይ ቀለሙን ራሳችሁ ካቆሸሻችሁት። ማቆሸሽ የምለው አቧራና ጥላሸት እንዲመስል መቀባት ነው፣ ፋልከን ንጹህ ሆና አታምርም፣ የሥራ መኪና ናት፣ እንደ መርካቶ አይሱዙ።

ያልገዛኋት ስድስተኛ አለች። አንድ ጡረታ የወጡ አሜሪካዊ ሽማግሌ ቤት ሌላ ነገር ልገዛ ሄጄ አየኋት፣ ዲአጎስቲኒ የሚባለው ኩባንያ ሥራ። በየሳምንቱ ከመጽሔት ጋር ጥቂት ቁራጭ እየመጣ በ100 እትም የሚያልቅ ነው። 80 ሳንቲሜትር ናት፣ ለሁለተኛው ፊልም የተሠራችው የስቱዲዮ ሞዴል መጠን ማለት ነው፣ ክብደቷ ወደ 11 ኪሎ ይጠጋል፣ ውስጧ የብረት አጥንት አላት በብሎን ነው የምትታሰረው። ቆማ ስትታይ ታስደነግጣለች። እንግሊዝ አገር አንዱ እትም 8.99 ፓውንድ ነበር፣ መቶውን ስትደምሩት ወደ 900 ፓውንድ። ሽማግሌው ራሳቸው ያሉኝ "ሳምንታዊው ትንሽ ስለሚመስል ድምሩን ሳታስብ ሁለት ዓመት ይሄዳል" ነው። እቁብ ነው በሉት፣ ግን እጣው ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ብቻ የሚወጣ እቁብ። መሀል ላይ ካቋረጣችሁ ወይ ኩባንያው ከቆመ እጃችሁ ላይ የሚቀረው ግማሽ መርከብ ነው፣ ግማሽ መርከብ ደግሞ ገዢ የለውም።

ስታር ትሬክ ለሚወዱት ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። ኢግልሞስ የሚባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ከ2013 ጀምሮ ተሠርተው ተቀብተው ያለቁ ትናንሽ መርከቦችን ከመጽሔት ጋር ያወጣ ነበር፣ ከፊሉ ብረት ከፊሉ ፕላስቲክ። እኔ አሥራ ስምንት አሉኝ። ለሃያ ምናምን ዶላር ሥራው ጥሩ ነው፣ የትም ሌላ ቦታ የማታገኟቸውን መርከቦች ሠርተዋል። ሁለት ነገር ግን እወቁ። አንደኛ፣ ሁሉም ከሞላ ጎደል እኩል መጠን ናቸው። የመጀመሪያዋ ኤንተርፕራይዝ በታሪኩ 289 ሜትር ናት፣ ከሷ በኋላ የመጣችው ኤንተርፕራይዝ ዲ ደግሞ ከ640 ሜትር በላይ፣ መደርደሪያ ላይ ግን እኩያ እህትማማች ይመስላሉ፣ ጎን ለጎን ስታስቀምጧቸው የሆነ ነገር ይከነክናችኋል። ሁለተኛ፣ ብረቱና ፕላስቲኩ የሚጋጠሙበት ቦታ ላይ ቀለሙ ትንሽ ይለያያል፣ በመብራት ስር ይታያል። ኩባንያው በ2022 ለኪሳራ አስተዳዳሪ ተላልፎ ሥራው ቆመ፣ የቀረውን ዕቃ ሌሎች ወስደው ሸጡት፣ ከዛ መጨረሻ አካባቢ በትንሽ ቁጥር የወጡት መርከቦች ተፈላጊ ሆኑ፣ የመጀመሪያዎቹ ግን እንደ ጉድ ስለተሸጡ ዛሬም በርካሽ ይገኛሉ። ኤንተርፕራይዝ ዲ የመጀመሪያው እትም ስለሆነች በየጋራዥ ሽያጩ አለች፣ "ሬር" (ብርቅ ናት) ብሎ መቶ ዶላር የሚጠይቃችሁን አልፋችሁ ሂዱ።

ኤንተርፕራይዝ ስትገዙ፣ የማንም ሥራ ትሁን፣ ከፊት ለፊት በቀጥታ የተነሳ ፎቶ ጠይቁ። ሁለቱ ረጃጅም ሞተሮች በቀጭን ክንድ ነው የተያዙት፣ ትልቁ ሳህን ደግሞ በቀጭን አንገት ላይ ነው፣ ስለዚህ በጊዜ ብዛት በራሳቸው ክብደት ይወርዳሉ፣ አንዱ ከአንዱ ዝቅ ይላል። በጎን ፎቶ አይታይም። እኔ ሳልጠይቅ የገዛኋት አንዷ እንደ ሰከረ ሰው ናት ያጋደለችው።

ባትሪ ያለው ከሆነ የባትሪውን ቤት ከፍቶ ያንሳላችሁ። ያረጀ ባትሪ ፈሶ ሽቦውን በልቶት ይሆናል፣ ቤታችሁም ከገባ በኋላ ካላበራችሁት ባትሪውን አውጡት። ማሸጊያውንም አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። እኔ አንድ ሻጭ በጋዜጣ ጠቅልሎ የላከልኝ መርከብ ክንፉ ለብቻው፣ አካሉ ለብቻው ደርሶኛል፣ ብሬን ለማስመለስ ሦስት ሳምንት ነው የተጨቃጨቅኩት፣ ያዳነኝ ሳጥኑን ስከፍት በስልኬ ቪዲዮ መቅረጼ ነበር። አሁን ያገለገለ ዕቃ ሲመጣ ሁልጊዜ እየቀረጽኩ ነው የምከፍተው።

"ነገ ዋጋው ይጨምራል ወይ" የሚለው ጥያቄ አለ፣ ወንዶች በተለይ ለሚስት ማሳመኛ የምንጠቀምበት። የሌጎን ታሪክ ልንገራችሁ። ከ75192 በፊት በ2007 የወጣች ሌላ ትልቅ ፋልከን ነበረች፣ ቁጥሯ 10179፣ 500 ዶላር። ማምረት ካቆሙ በኋላ ያልተከፈተችው በሺዎች ዶላር ትሸጥ ነበር፣ ሰዎች መኝታ ቤታቸው ውስጥ እንደ ወርቅ ደብቀው አስቀምጠዋት ነበር። በ2017 አዲሷ፣ ትልቋ፣ የተሻለችው ስትወጣ የአሮጌዋ ዋጋ ወረደ። ዋጋዋን የሰቀለው የሷ ጥራት አልነበረም፣ ሌላ መግዛት አለመቻሉ ነበር፣ መግዛት ሲቻል ፈረሰ። ባንዳይም ያው ነው፣ ማምረቻ ቅርጹ እጁ ላይ ስላለ ሲፈልግ መልሶ ያመርተዋል፣ "አልቋል" ተብሎ በሦስት እጥፍ የገዛችሁት በስድስተኛው ወር በድሮው ዋጋ ሱቅ ላይ ይመጣል። እኔ ደርሶብኛል፣ ኤክስ ዊንግ ላይ። ስለዚህ አለቀ ሲባል ትንሽ ጠብቁ። የተገጠመ ኪት ደግሞ እንደገና ሲሸጥ ብዙ አያወጣም፣ በጣም ጎበዝ ቀቢ ካልሆናችሁ በስተቀር፣ ቀብታችሁ ካበላሻችሁት ደግሞ ካልተቀባውም ያንሳል። ከሸጥኳቸው ሁሉ ያተረፍኩት ሁለቱ ላይ ብቻ ነው፣ ሁለቱም ሳጥናቸውና መቆሚያቸው የነበሩ ናቸው። ሳጥን አትጣሉ። ሚስቴ ሳጥኖቹን አልጋ ስር ባየች ቁጥር የምንነጋገረው ነገር ለብቻው ጽሑፍ ይወጣዋል።

ስለ ማስቀመጫ የኛ ሰው ቤት የተለየ ነው። ፈረንጆቹ ፀሐይና አቧራ ተጠንቀቁ ይላሉ፣ እውነት ነው፣ ነጭ ወይ ግራጫ ፕላስቲክ መስኮት አጠገብ ከዓመታት በኋላ ወደ ቢጫ ይሄዳል። ቡና የሚቆላበትን ቤት ግን ማንም አላሰበውም። የመጀመሪያ መርከቦቼ የነበሩት ከረከቦቱ በላይ ባለው ክፍት መደርደሪያ ላይ ነበር፣ የቡና ጭስና እጣን በየሳምንቱ፣ ከዓመት በኋላ ስነካቸው ጣቴ ላይ ይጣበቃሉ። ስስ የዘይት ልባስ ነው፣ አቧራው እሱ ላይ ተጣብቆ በብሩሽ አይነሳም። ለብ ባለ ውሃና በአንድ ጠብታ የዕቃ ሳሙና በጥጥ ቀስ አድርጌ ነው ያነሳሁት፣ ሁለቱ ላይ ዲካሉም አብሮ ተነሳ። አልኮል አትሞክሩ፣ ቀለም ያነሳል። ቡናው ይቀራል ማለት ስለማይቻል የመስታወት ቁምሳጥን ገዛሁ፣ ያቺን ከአይኪያ ሰብሳቢ ሁሉ የሚገዛት የነበረችውን ዴቶልፍ፣ ያገለገለች ካያችሁ አትለፏት። ወለሏ 43 በ37 ሳንቲሜትር ነው። ይሄን ሳልለካ ነው 48 ሳንቲሜትሯን ፋልከን ያዘዝኩት። አሁን በማዘንበያ መቆሚያ ላይ አፍንጫዋን ወደ ላይ ቀስራ ነው ያለችው፣ ሰው ሲያይ "እየተነሳች ነው አይደል" ይለኛል፣ አዎ እላለሁ።

ባለፈው ገና አዲስ አበባ ስሄድ ለእህቴ ልጅ አንዷን ትንሿን 1/144 ሻንጣ ውስጥ ይዤለት ሄድኩ፣ ሳጥኗ ጠፍጣፋ ስለሆነች በልብስ መሀል ትገባለች፣ ያልተገጠመ ኪት መውሰድ የተሻለ ነው ምክንያቱም የሚሰበር ነገር የለም። ጥሩ መቁረጫ አብሬ ሰጠሁት፣ የጥፍር መቁረጫ እንዳትነካ ብዬ አስጠነቀቅኩት። ባለፈው ሳምንት ያለቀችውን ፎቶ ላከልኝ። ንጹህ ሥራ ነው፣ ከኔ የመጀመሪያዋ በጣም ይሻላል፣ ዲካሉን እንኳን በውሃው ነው ያደረገው። አንቴናዋን ግን ገልብጦ ነው የሰካት። ገና አልነገርኩትም።